ጉማሬው ሳይሆን ውሃ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች፦ ስለ ትራያትሎን ጣና ዳር የሚወራውና እውነታው

ባህር ዳር ውስጥ «ትራያትሎን እየተለማመድኩ ነው» ብትል ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሚጠብቅህ። አንዱ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ሁለተኛው «ጉማሬ ይበላሃል!»

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ትዋኛለህ፣ ከውሃ ወጥተህ ሳይክል ትነዳለህ፣ ከሳይክል ወርደህ ትሮጣለህ። ሰዓቱ መሃል ላይ አይቆምም፣ ጫማ ስታስር እንኳ ይቆጥራል። በኦሎምፒክ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። አጭሩ የዚህ ግማሽ ነው። ወደ ጉማሬው እመለሳለሁ።

እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን። አሰልጣኝም ክለብም የለንም። ያለን ጣና፣ ያገለገለ ሳይክልና ብዙ ወሬ ነው። ከወሬው ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘነው። አንዳንዱን እኔ ራሴ ሳወራው የነበረ ነው።

«ዋና ከቻልክ ጣና ምን ያቅትሃል?»

ይሄ የኔ ነበር። ገንዳ ውስጥ ስንት ጊዜ የምመላለስ ሰው ነኝ፣ ሐይቁ ምን ሊያመጣ? ገንዳ ግን ጫፍ አለው። ሲደክምህ ግድግዳውን ይዘህ ትተነፍሳለህ፣ ታች ወለሉ ይታይሃል። ጣና ግድግዳ የለውም። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ፊትህን ስትነክር ቡናማ ነገር እንጂ ሌላ አይታይህም፣ ቀጥ ብለህ እየሄድክ ይሁን ወደ ጎን እየተወሰድክ ለማወቅ በየጥቂቱ ቀና ማለት አለብህ፣ ቀና ባልክ ቁጥር ደግሞ እግርህ ይሰምጣል፣ ትንፋሽህም ይዛባል። የመጀመሪያ ቀን ከዳር መቶ ሜትር ሳልርቅ ደረቴ ተጣበቀ። የደከመኝ መሰለኝ። ድካም አልነበረም፣ ድንጋጤ ነው። በታንኳ የሚያልፉ አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ በጀርባህ ተኛ! ማን አባሮህ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ተኛሁ። ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ቀስ ብዬ ሳስወጣ ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ምክር ሁሉ ከጋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙም አይበልጥም።

«ሰው የሚወድቀው መጨረሻ ላይ፣ ሩጫው ላይ ነው»

እንዲህ የሚያስብ ብዙ ነው፣ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ የትራያትሎን ውድድሮች የደረሱ ሞቶችንና ድንገተኛ የልብ መቆሞችን ሰብስበው ነበር። በድምሩ 135 ናቸው። 90ዎቹ የደረሱት በዋናው ላይ ነው። በሩጫው 15 ብቻ። ዋናው ከሦስቱ አጭር ጊዜ የሚወስደው ክፍል መሆኑን አስቡት።

እንዳትደነግጡ፣ ከ100,000 ተሳታፊ ሁለት ሰው እንኳን አይሞላም። ግን ለምን ውሃው ላይ? ሁሉም በአንዴ ይገባል፣ እግር ፊትህን ይመታሃል፣ መነጽርህ ይወልቃል፣ ልብህ ገና ሳይሟሟቅ በአንዴ ይዘላል። ሜዳ ላይ ያመመው ሰው ቁጭ ይላል፣ ሰውም ደርሶ ያነሳዋል። ውሃ ውስጥ የት ይቀመጣል? አንዳንዱ ደግሞ ሲዋኝ ሳንባው ውሃ ያቁራል፤ የጠጣው የሐይቅ ውሃ ሳይሆን ከራሱ ደም ሥር የሚወጣ ነው። አረፋ ያለው ሳል ከመጣና ትንፋሽ ካጠረ «ትንሽ ልታገስ» የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው መውጣት ነው።

ስለዚህ እኛ አሁን ቀድመን ውሃው ውስጥ አምስት ደቂቃ እንንሳፈፋለን። ስንነሳም የሚፈጥነውን እናስቀድመዋለን፣ የቀረነው ከኋላና ከጎን ነን። ያለ ጀልባ አንገባም።

«ጀልባ ከያዝክ ተሰረዝክ ማለት ነው»

አይደለም። በአብዛኛው የውድድር ሕግ አጃቢው ጀልባ ወደፊት እስካልወሰደህ ድረስ ይዘህ ማረፍ ትችላለህ። ይሄን ባለማወቅ እየታፈነ የሚቀጥል ሰው አለ፣ ያሳዝናል።

«እኔ እኮ በየሳምንቱ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፣ ልቤ ብረት ነው»

ሯጭ አገር ስለሆንን ይሄን የማይል የለም። ቅድም ባልኩት ጥናት አስከሬናቸው ከተመረመረ ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት የልብ ወይም የደም ሥር ችግር ተገኝቶባቸዋል። የ135ቱ አማካይ ዕድሜ 47 አካባቢ ነው፣ አብዛኞቹም ወንዶች። ጉልበት ያለው ጎልማሳ ማለት ነው፣ «እኔን ምን ይነካኛል» የሚለው። ርቀቱም ለውጥ አላመጣም፤ በአጭሩም በረጅሙም አደጋው ተቀራራቢ ነበር። ስትሮጥ ደረትህን የሚይዝህ ከሆነ፣ ራስህን ስተህ የምታውቅ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብህ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ካለ፣ ከሳይክሉ በፊት ሐኪም ይቅደም።

«ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ባሕርም አይደለም»

ጥልቅ አለመሆኑ እውነት ነው፣ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጀልባ ነጂዎቹን ጠይቁ፣ ወደ ገዳማቱ በጠዋት መሄድ የሚመርጡት ወደው አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። እኛም ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገብተን ከ3 ሰዓት በፊት እንወጣለን።

«ሳይክሉ ማረፊያ ነው»

ሳቅ ነው የሚመጣብኝ። ባህር ዳር የሳይክል ከተማ ናት፣ ሁላችንም ልጅ ሆነን ፍሬን በሌለው ሳይክል ነው ያደግነው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ የምናውቀው ስለሚመስለን። ከ135ቱ 15ቱ በብስክሌት አደጋ የሞቱ ናቸው። ከውሃ ስትወጣ ትንሽ ያዞርሃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ሁኔታ ነው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ባጃጅ መሃል የምትገባው። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ይቆማል፣ ምልክት አይሰጥም። አንዱ ጓደኛችን ከቤዛዊት ቁልቁል ሲወርድ ካቴናው ወልቆ ጉልበቱንና ክርኑን ተላጠ። ሄልሜቱ ተሰነጠቀ፣ ጭንቅላቱ ግን አልተነካም። ያን ቀን ጠዋት «ይሞቃል» ብሎ ሊተወው ነበር።

«ውሃ በጠጣህ ቁጥር ጥሩ ነው»

ሙቀቱ ስለሚያስፈራን ሁለት ሊትር አንገታችን ድረስ ጠጥተን እንነሳ ነበር። ከመጠን ያለፈ ውሃ ግን ደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የጨው መጠናቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር። ክፋቱ ምልክቱ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መወላገድ። ሰው «ውሃ ጠማው» ብሎ ይጨምርለታል፣ ይባስ ያሳምመዋል። ሲጠማህ ጠጣ፣ በቃ። ጾመኛ ከሆንክ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ረጅም ልምምድ አትሥራ። እኛ በዐቢይ ጾም ረጅሙን ወደ ቅዳሜና እሁድ አዛወርነው።

«ጉማሬው...»

እሺ፣ ጉማሬ አለ። በተለይ አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል። ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል፣ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ስለዚህ እዚያ አትዋኝ፣ ጎህ ሳይቀድ ዳር ዳር አትሂድ፣ የአካባቢውን ጀልባ ነጂ ጠይቅ። ይኸው ነው።

ሁሉም ስለ ጉማሬ ሲያወራ ማንም የማያነሳው ቀንድ አውጣው ነው። «በጣና ውሃ ነው ያደግኩት፣ ምንም ሆኜ አላውቅም» ይሉሃል። ቀንድ አውጣው የሚያስተላልፈው ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ ግን «ምንም ሆኜ አላውቅም» ስላልክ የለብህም ማለት አይደለም፣ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ አንጀትና ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፣ በፎጣ ፈጥኖ መድረቅም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። የሚበዛው ዳር ላይ፣ ቄጠማና ሣር ባለበት ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። ለዚህም ነው ከጀልባ ላይ ራቅ ብለን፣ በጠዋት የምንገባው፤ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግነቱ ምርመራ አለው፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለው። ከዋኙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ መመርመር ነው፣ ቀድሞ ከሆነ ላይታይ ይችላል።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ዋና አቁመናል፣ እኔም ካቆምኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሰኞ ሰገራ ልሰጥ ነው። ጓደኞቼ ሰምተው እየሳቁብኝ ናቸው፣ ቀጠሮውን ግን ለአምስታችንም ነው የያዝኩት።