ጧሪ የሆነው መዋጮ፦ የኢትዮጵያ ጡረታና ማሻሻያዎቹ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ምርቃት ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጡረታ የሚለው ቃልም የመጣው ከዚያው ከመጦር ነው። መጦር አቅም ያነሰውን ማብላት፣ ማልበስ፣ መደገፍ ነው። ለቀብሩ ዕድር አለ። ለመጦሩ ግን ለብዙ ዘመን የነበረው ልጅ ብቻ ነው። ልጅ ያልወለደ፣ ልጁ የሞተበት ወይም ልጁ ራሱ ያልሞላለት ሰው የሰው ፊት ያያል። የመንግሥት ጡረታ ይህን ሸክም ከአንድ ልጅ ጫንቃ አውርዶ ለብዙ ሠራተኛ የሚያከፋፍል ሥርዓት ነው። በአንድ ነገር ከዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም ያዋጣል፣ ተራው የደረሰው ይረዳል።

በአገራችን ሥርዓቱ በሕግ የቆመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ወጣ። በ1955 ደግሞ በአዋጅ ጸና። (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ጡረታ የቋሚ መንግሥት ሠራተኛ፣ የወታደርና የፖሊስ ነበር። ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ ያዋጣል፣ መንግሥት 6 በመቶ ይጨምርበታል። በ1967 ደርግ ፋብሪካውንና ባንኩን ሲወርስ የተወረሱት ድርጅቶች ሠራተኞችም ወደ ጡረታው ገቡ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ ኢኮኖሚው ተለወጠ። 4 እና 6 በመቶው ግን እስከ 2003 ድረስ አልተነካም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የግል ድርጅት ሠራተኛው ውጭ ነበር። ዕድለኛ ከሆነ አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ ይይዝለታል። ይህ ሥራ ሲለቅ አንድ ጊዜ የሚሰጠው የቁጠባ ገንዘብ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ቤት ያስጠግናል፣ ሱቅ ያስከፍታል። ሲያልቅ ግን አለቀ። የዕድሜ ልክ ገቢ አይደለም።

ትልቁ ማሻሻያ የመጣው በ2003 ነው። ሁለት አዋጆች አብረው ወጡ፤ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። ከሐምሌ 2003 ጀምሮ በግል ድርጅት የሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ በሕግ የጡረታ ባለመብት ሆነ። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበረው እዚያው የመቆየት ምርጫ ተሰጠው። መዋጮው በአንድ ጊዜ እንዳይከብድ በየዓመቱ እያደገ ዛሬ ያለበት ደረሰ፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ። ለመከላከያና ለፖሊስ መንግሥት የሚከፍለው ከዚህ በጣም ይበልጣል። አገልግሎትም እንዲያያዝ ተደረገ። ስምንት ዓመት በመንግሥት፣ አሥራ ሁለት ዓመት በግል የሠራ ሰው ሃያ ዓመቱ ይደመርለታል። ለእኔ ከማሻሻያው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ሰው ሥራ በቀየረ ቁጥር እርጅናው ከዜሮ አይጀምርም።

አበሉ እንዴት ይሰላል? ብዙ ሰው ጡረታ እስኪወጣ አይጠይቅም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። ለእነዚያ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይያዝለታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

በብር እናስላው። አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር የሆነ፣ 25 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ አለች እንበል። ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ። ለቀሪው 15 ዓመት 18.75 በመቶ። ድምሩ 48.75 በመቶ፣ በወር 3,900 ብር ይመጣል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳያቋርጥ 60 የሞላው ሰው ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው እዚያ አይደርስም። ልጅ ለማሳደግ ሥራ አቋርጣ የተመለሰች እናትም አትደርስም። 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ወርሃዊ አበል የለውም፤ ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ተሰጥቶት ይሰናበታል። 25 ዓመት አገልግሎ 55 የሞላው በራሱ ጥያቄ ቀድሞ መውጣት ይችላል።

መዋጮውም አበሉም የሚሰላው በመደበኛ ደመወዝ ነው። የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል አይቆጠርም። አንዳንድ አሠሪ ይህን ስለሚያውቅ ደመወዙን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ አድርጎ ይቀጥራል። ሠራተኛው በወር 20,000 ብር እጁ ይገባል፤ መደበኛ ደመወዙ ግን 8,000 ነው። በጉልበቱ ጊዜ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ጉዳቱ የሚገባው 60 ሲሞላው ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶውን ቆርጦ ገቢ የማያደርግ ድርጅት። ሕጉ ቅጣት አስቀምጧል፣ ከድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ላይ እስከማስቆረጥ ይሄዳል። ቢሆንም ደመወዝ ስትቀበሉ ወረቀቱ ላይ «ጡረታ» ከሚለው መስመር ጎን ያለውን ቁጥር እዩ። ገቢ ስለመሆኑም ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

የፋይል ነገር ሌላው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕድሜህ የሚታወቀው መጀመሪያ ስትቀጠር በሞላኸው ቅጽ ነው። አባቴ መምህር ነበሩ። ሲቀጠሩ የልደት ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አያውቁም። እናታቸው «ጠላት በወጣ በሦስተኛው ዓመት» ያሏቸውን አስበው ጻፉ። ከዓመታት በኋላ በተዛወሩበት ሌላ መሥሪያ ቤት ሌላ ዓመት ተመዘገበ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሁለቱ ወረቀቶች ተጋጩ። የመጀመሪያው ቅጽ ያለው ደግሞ በገጠር፣ መጀመሪያ ባስተማሩበት ወረዳ ነው። በ60 ዓመታቸው አውቶቡስ ተሳፍረው የወጣትነት ፊርማቸውን ፍለጋ ሄዱ። ቅጹን አገኙት፣ ጠርዙን ግን አይጥ በልቶታል። ዛሬ በርካታ መረጃ በኮምፒውተር እየተያዘ፣ ለሠራተኛውም የጡረታ መለያ ቁጥር እየተሰጠ ነው። ይህ ሥራ ዜና አይሆንም። ስንት ሽማግሌ ከመንገድ እንደሚያድን ግን እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የተዋጣው ገንዘብ የት ይቀመጣል? ለረጅም ጊዜ መልሱ አንድ ነበር፤ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ። መንግሥት ይበደራል፣ የጡረታ ፈንዱ ያበድራል። የሰነዱ ዋና ገዢዎች የጡረታ ተቋማቱ ነበሩ። በታኅሣሥ 2012 ጨረታው በገበያ ዋጋ እንዲሆን እስኪደረግ ድረስ ወለዱ ከ3 በመቶ በታች ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም፣ አልተሰረቀም። ግን ኑሮው ቀድሞት ሄደ። የግል ሠራተኛው መዋጮ በጀመረበት ሰሞን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2014ም እንደገና ከ30 በመቶ አለፈ። በ8,000 ብር ደመወዝ ላይ የሁለቱ ወገን መዋጮ በወር 1,440 ብር ነው። በ3 በመቶ ወለድ በዓመቱ 1,483 ብር ይሆናል። ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ ግን ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 1,872 ብር ያስፈልጋል። ልዩነቱን የከፈለው ማነው? ሠራተኛው ነው፣ ሳያውቀው።

በ2014 የወጡት አዋጆች፣ ቁጥር 1267 እና 1268፣ የ2003ቱን ተክተዋል። ፈንዱ ከግምጃ ቤት ሰነድ ውጭ ባሉ አዋጭ ኢንቨስትመንቶች ላይ እንዲውልም ሰፋ ያለ ዕድል ሰጥተዋል። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና የብድር ሰነድ የሚገበያዩበት፣ ሥራ ሲጀምር ሌላ በር ተከፈተ። ጥሩ ነው እላለሁ፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የአዛውንት እንጀራ የማንም መሞከሪያ መሆን የለበትም። ገንዘቡ የት እንደዋለና ምን እንዳተረፈ አዋጪው በየዓመቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

በሌላው ዓለም የጡረታ ማሻሻያ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው የመውጫ ዕድሜ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ62 ወደ 64 ከፍ የሚያደርግ ሕግ ስታወጣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። የእነሱ ችግር አዛውንት መብዛቱ ነው። የእኛ አገር ወጣት ናት፤ ችግራችን አዋጪ ማነሱ ነው። ገበሬው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ በአብዛኛው ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። ሕጉ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው መግባት እንደሚችሉ ይላል። ነገር ግን ገቢዋ ዛሬ 200 ነገ ዜሮ የሆነ ሴት በየወሩ 18 በመቶውን ብቻዋን እንዴት ትችላለች? በእኔ እምነት ቀጣዩ ማሻሻያ መጀመር ያለበት ከእሷ ነው። ዕቁብ በየሳምንቱ ሳታጎድል ትጥላለች። መቆጠብ ታውቅበታለች፤ ያጣችው በእሷ ልክ የተሰፋ ጡረታ ነው።

ተሰዶ የሄደውም አለ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሠርቶ አሜሪካ የገባ ሰው ዓመቶቹ አይደመሩለትም፤ ሁለቱ አገሮች የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የላቸውም። እዚያ ደግሞ 40 ክሬዲት፣ ማለትም የ10 ዓመት ያህል ሥራ ይጠየቃል። በገልፍ አገሮች የሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ጡረታ የሚባል አይያዝላቸውም። ጉልበታቸውን እዚያ ጨርሰው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የላኩት ገንዘብ የሠራው ቤት ነው፣ ከተሠራ።

አበል አንዴ ከተወሰነ በኋላ የሚያድገው መንግሥት ጭማሪ ሲወስን ነው። ጡረተኛው የሚታሰብለት በወጣበት ዘመን ደመወዝ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና ዋጋ ሲንር፣ በሥራ ላይ ላለው ሠራተኛ የደመወዝ ማሻሻያ መጣ። ከዓመታት በፊት የወጣው ጡረተኛ ግን አማካዩ ያኔ ተቆልፏል። አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ ሥራ ሠርተው በአሥር ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ሰዎች አበላቸው አይገናኝም። ጭማሪው ከኑሮ ውድነቱ ጋር የተሳሰረ ቋሚ ቀመር እስኪኖረው ድረስ ይህ አይስተካከልም።

ጡረተኛው ሲሞት ለሚስቱ ወይም ለባሏ የአበሉ 50 በመቶ ይቀጥላል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ 20 በመቶ አለ። አባቴ ካረፉ ወዲህ እናቴ የምትቀበለው ግማሹን ነው። ብሩ በገባ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ በጠዋት ባንክ ትሄዳለች። በስልክ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቻታለሁ፤ እሷ ግን ቆጥራ መያዝ ትፈልጋለች። ከባንክ ቀጥታ መድኃኒት ቤት ትገባለች፣ የግፊት ኪኒኗን ልትገዛ። የተረፈውን በመሐረቧ ጫፍ ትቋጥርና ጤፍ ስንት እንደገባ ልትጠይቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ ትሄዳለች።