ስለ ኤክሴፕሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ሳግዝ ስለ ኤክሴፕሽን፣ ማለትም ፕሮግራም ሲሠራ ስለሚነሣ የስህተት ምልክት፣ የሚከተሉት አባባሎች ደጋግመው ያጋጥሙኛል። ምሳሌዬ ከጣና ዳር የተወሰደ ነው፦ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ተጓዦችን የሚመዘግብና የጀልባውን ኪራይ የሚያካፍል አነስተኛ የጃቫ ፕሮግራም።

«ኤክሴፕሽኑ ከተያዘ ችግሩ ተፈቷል።»
ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ጃቫ፣ ፋይል ሲነበብ የሚነሣ ኤክሴፕሽን በካች ክፍል ተይዞ መልስ እንዲሰጠው ወይም በሜተዱ (አንድ ሥራ በሚሠራው የኮድ ክፍል) መግለጫ ላይ ትሮውስ በሚለው ቃል እንዲገለጽ ስለሚያስገድድ፣ አንድ ተማሪ ኮዱን የሚፈትሸውንና የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ዝም ለማሰኘት ብቻ ባዶ ካች ጻፈ። የተጓዦቹ ፋይል ከቦታው ሲነሣ ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ተረጋግቶ «የተመዘገበ ተጓዥ የለም» አለ። ቢቆም ኖሮ ስታክ ትሬሱ (ፕሮግራሙ ሲቆም የሚያወጣው የስህተት ዝርዝር) ስህተቱ የተነሣበትን መስመር በቁጥር ያሳየን ነበር፤ እኛ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ጤነኛ ኮድ ስንመረምር ዋልን። ኤክሴፕሽንን መያዝ ያለበት ማድረግ የሚችለው ነገር ያለው ሜተድ ነው፤ የሌለው ወደ ጠራው ሜተድ እንዲያልፍ ይተወው።

«ኤክሴፕሽን የተባለውን ወላጅ ክላስ መያዝ ለሁሉም ይበቃል።»
ይህ ክላስ የሌሎቹ የኤክሴፕሽን ዓይነቶች ምንጭ ስለሆነ ይበቃል፤ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። የጠፋውን ፋይል እይዛለሁ ሲል የራሳችንን የኮድ ግድፈት፣ ለምሳሌ ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽንን (ምንም ባልያዘ ተለዋዋጭ ለመጠቀም ሲሞከር የሚነሣውን)፣ አብሮ ይሸፍናል። የወላጁ ካች ከልጅ ክላሱ (ከሥሩ ካለው የተለየ ዓይነት) ካች በፊት ከተጻፈ ደግሞ ኮምፓይለሩ ራሱ አይቀበለውም።

«ለዜሮ ማካፈል ምንጊዜም ኤክሴፕሽን ያስነሣል።»
የ1200 ብር ኪራይ ለ0 ተጓዥ ሲካፈል ሁለቱም ቁጥሮች ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆኑ አሪትሜቲክ ኤክሴፕሽን ይነሣል። ኪራዩን ሳንቲም እንዲይዝ ብለን ዶብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ስናደርገው ግን ፕሮግራሙ ምንም ሳያጉረመርም «ኢንፊኒቲ» (ወሰን የለሽ) የሚል ውጤት ይሰጣል፤ ካቹም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የተጓዦቹን ብዛት ከማካፈል በፊት በኢፍ መፈተሽ ይገባል።

«ፋይናሊ ሳይፈጸም አይቀርም።»
ፋይናሊ ከትራይ (ኤክሴፕሽን ሊነሣበት የሚችለው ኮድ ከሚቀመጥበት ክፍል) እና ከካች በኋላ የሚፈጸም ክፍል ነው፤ አባባሉም በአብዛኛው እውነት ነው። ሆኖም በትራይ ውስጥ ፕሮግራሙን የሚዘጋው ሲስተም ኤግዚት ከተጠራ፣ ወይም ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ መብራት ከጠፋ፣ ፋይናሊ አይደርስም። በፋይናሊ ውስጥ ሪተርን (ከሜተዱ የሚያስወጣውን ትእዛዝ) መጻፍም የተነሣውን ኤክሴፕሽን ድምፁን አጥፍቶ ይውጠዋል። ዓላማችን ፋይል መዝጋት ብቻ ከሆነ ከጃቫ 7 (2011) ጀምሮ ፋይሉን በትራይ ቅንፍ ውስጥ መክፈት ይቻላል፤ ሥራው ሲያልቅ በራሱ ይዘጋል።