በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ያሉ የቆዩ ማረፊያዎች

ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በቃሊቲና በአቃቂ ወጥቶ ገላንና ዱከምን አልፎ፣ ከመሀል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ የመዲናዋ ነዋሪ “አየር ልቀይር” ሲል ቀድማ የምትታሰበው ከተማ ናት። ምጽዋ የራስ ወደብ በነበረችበት ዘመንም፣ ድንበር ማዶ ከቀረች በኋላም ለአዲስ አበቤ የውሃ ዳር አዳር ማለት ቢሾፍቱ ነበረች፤ ዛሬም ናት።

ከሐይቆቹ ዋና ዋናዎቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ ያቆሩ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር፣ የባቦጋያ 65 ሜትር፣ የሆራ ደግሞ 38 ሜትር ገደማ ነው። ጨለለቃ ረግረግ ቢጤ ሲሆን በበጋ ይሸሻል፣ ስለዚህም የወፍ እንጂ የሆቴል ሐይቅ አልሆነም። ይህ የመሬት አቀማመጥ ማረፊያዎቹንም ቀርጿቸዋል፤ ሕንፃው አፋፉ ላይ ይቆማል፣ ውሃው ከታች ይተኛል፣ በመካከሉ ረጅም ደረጃ አለ። “ሐይቅ ዳር” የተባለ ክፍል ብዙ ጊዜ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ክፍል ማለት ነው። ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንት አልጋ የሚይዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

የከተማዋ ስም ከኦሮምኛው “ቢሻን” (ውሃ) ጋር መዛመዱ ብዙም አያጠያይቅም። ደብረ ዘይት የሚለው መጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1955 በይፋ ተሰጥቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀድሞው ስም ተመልሷል። ሆኖም እስካሁን በሁለቱም ትጠራለች፤ አልጋ የሚይዝ ሰው የሆቴሉን አድራሻ በሁለቱም ስም ቢፈልግ ይሻላል።

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቢሾፍቱ የምትገኝበትን የአድአን ምድር አቋርጦ ነበር። ከተማዋን የእንግዳ ከተማ ያደረጋት ግን ከሁሉ በላይ አየር ኃይሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1946 በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሩ የስዊድን አሠልጣኞች መጥተው ሐረር ሜዳ በተባለው የቢሾፍቱ አየር ኃይል ጣቢያ አብራሪና መካኒክ ማሠልጠን ጀመሩ። በየወሩ ደመወዝ የሚቆጥር ሠራተኛ፣ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድና የውጭ አገር መምህር በአንድ ከተማ ሲሰበሰብ አልጋና ምግብ ገበያ ያገኛል። ንጉሠ ነገሥቱም በሐይቁ አፋፍ ማረፊያ ቤተ መንግሥት ስለነበራቸው መኳንንቱ ተከትለው ቪላ ሠሩ።

ያኔ ከቪላው ዝቅ ያለው የማረፊያ ዓይነት ቡና ቤት ነው። በመንገዱ በኩል መጠጥ ቤት፣ ከጓሮ በግቢው ዙሪያ በተርታ የተሠሩ ክፍሎች፣ የጋራ ሽንት ቤትና ቧንቧ፣ በር ላይ ዘበኛ፦ ይኸው ነበር አሠራሩ። ዛሬም አልፎ አልፎ የሚገኙት በዋጋ ረከስ ያሉ ናቸው፤ ከመጠጥ ቤቱ የራቀውን ክፍል ያልጠየቀ ግን እንቅልፍ አያገኝም። ከ1967 ዓ.ም.ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ብዙ ቤት በመንግሥት እጅ ገብቷል፤ የአገሪቱ ትልልቅ ሆቴሎችም በራስ፣ በግዮን፣ በዋቢ ሸበሌና በኢትዮጵያ ሆቴሎች ስም ተደራጅተው ነበር።

የቆየ ሕንፃ የሚያስቸግረው በውሃ ነው። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ የሚገኘው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው። ሻወሩ ከ2 ሜትር ከፍታ ስለሚወርድ የሚተርፈው 0.1 ባር ብቻ ይሆናል፤ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ፎቅ ላይ ደግሞ ፓምፕ ከሌለ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበል በፊት ሻወሩን ከፍቶ ማየት ነውር የለውም። ባለ 50 ሊትር ቦይለር 1.5 ኪሎ ዋት ከሆነ ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። እንግዳው ማብሪያውን የሚነካው ሊታጠብ ሲል በመሆኑ “ቦይለሩ ተበላሽቷል” የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ክፍሎች በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ይጮኻሉ፤ ኮርኒሱ ከፍ ያለ ክፍል ቀን ላይ ቢያስደስትም ሌሊት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል።

ዋጋ ሲጠየቅ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ መካተታቸውን ማጣራት ያሻል። 2,000 ብር የተባለ አልጋ ሰርቪሱ ተጨምሮ በላዩ ቫት ሲታሰብ 2,530 ብር ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በኢንተርኔት ሲይዝ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ “2 ሰዓት” የተባለውም በእኛ ይሁን በፈረንጅ በጽሑፍ ይረጋገጥ። መስከረም ላይ፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ኢሬቻ በሆራ አርሰዲ ስለሚከበር አልጋ በሳምንታት ቀድሞ ያልቃል፤ በጥር የሠርግ ወቅትም እንደዚሁ።

በፀሐይ መውጫ ለመደሰት በሐይቁ ምዕራባዊ አፋፍ ያለ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ክፍል ይመረጣል። ምሥራቃዊው አፋፍ ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ በቀጥታ ስለምትገባ ክፍሉ ይጋላል።

ሐይቆቹ ሶዳ የበዛባቸው ናቸው። ውሃው አይጠጣም፤ ሰውነትን ሲነካም የማሟለጭ ስሜት አለው። ዳርቻው ከጥቂት እርምጃ በኋላ በድንገት ስለሚገደል ዋና ለማይችል ሰው አደገኛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲነሣ የላይኛው ውሃ ከብዶ ይሰምጣል፣ ኦክሲጅን ያጣው የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ውሃው ይሸታል፣ ዓሣም ሞቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። በእንዲህ ያለው ሳምንት ዓሣ ጥብስ ያማረው እንግዳ ዓሣው ከዚሁ ሐይቅ ይሁን ከዝዋይ የመጣ አስተናጋጁን ይጠይቅ።