ዋራንቲ ምንድን ነው? «እየጠገኑልህ ነው» ማለት መብትህ ተከብሯል ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ «መኪናህ ዋራንቲ ካለው መመለስ የሚባል ነገር የለም፣ መጠገን ብቻ ነው፤ ስምንት ጊዜ ቢበላሽም እየጠገኑልህ እስከሆነ ድረስ መብትህ ተከብሯል» ሲል ሰማሁት። ደሴ ላይ በጥብቅና በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ አባባል ከሻጮችም፣ ከጋራዥ ሠራተኞችም፣ ከገዢዎች ከራሳቸውም አንደበት ሰምቻለሁ። ስህተት ነው። የሚያስቆጣኝም ሰው በዚህ ስህተት የተነሳ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የመክሰሻ ጊዜውንም ስለሚያጣ ነው።

ዋራንቲ ሻጩ ወይም አምራቹ በገዛ ፈቃዱ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ለዚህን ያህል ዓመት ወይም ኪሎ ሜትር ይህ ክፍል ቢበላሽ በራሴ ወጪ እጠግናለሁ ይላል። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር የሚሉት ይህንን ነው። ሕግ በሻጭ ላይ የጣለው ግዴታ ግን ይህ ወረቀት ከመታተሙ በፊትም ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ጉድለቱ ከባድ ሲሆን፣ ማለትም ገዢው አስቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ የማይገዛው ዓይነት ሲሆን፣ ውሉን እስከማፍረስ ያደርሳል። የዋራንቲው ወረቀት በዚህ ላይ የተጨመረ ነው። (የሻጩን ኃላፊነት የሚያጠብ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ከፈረማችሁ ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ ከዋራንቲው ደብተር ይልቅ የሽያጭ ውሉን አንብቡ።)

ደሴ ላይ ክረምት የከረመ ሰው ነገሩን በቆርቆሮ ጣሪያ ያውቀዋል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሠሪው ይጠራል፣ መሰላል ተደግፎ ይወጣል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። በሚቀጥለው ዝናብ ከዚያው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ያፈሳል። ሠሪው ደግሞ ይመጣል። ሰውየው ሰባት ጊዜ መሰላል ላይ መውጣቱ ጣሪያው ተሠራ አያሰኝም። ጥያቄው ሲዘንብ ቤቱ ያፈሳል ወይስ አያፈስም የሚል ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ሠሪው በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ቆርቆሮውን በእጁ ዳሰስ ያደርግና «ደረቅ ነው፣ ምንም የለውም» ብሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ለባለቤቱ የሚመሰክርለት ኮርኒሱ ላይ የቀረው ቡናማ እድፍ ነው። እድፉን ቀለም ቀብቶ ያጠፋ ባለቤት ምስክሩን በገዛ እጁ አጠፋ። (በሕግ ዓይን ጣሪያ ማሠራት የሥራ ውል (የቅጥር ሳይሆን ሥራ የማሠራት ውል) ነው፣ መኪና መግዛት ደግሞ ሽያጭ። ድንጋጌዎቹ ይለያያሉና ምሳሌውን ችሎት ይዛችሁ አትቅረቡ።)

አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛዬ የገጠመው ይኸው ነው። አዲስ መኪናው ሜዳ ላይ እንደ ልብ ይሄዳል። ወደ ደሴ ሊወጣ የሐረጎን አቀበት ሲያጋምስ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን መኪናው 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት አለበት። በጭነት መኪና አስጭኖ አዲስ አበባ ወሰደው። እዚያ ሜዳ ላይ ነድተው ሞከሩትና «ተፈትሿል፣ ችግር አልተገኘም» ብለው መለሱለት። በሦስተኛው ጉዞ አንድ ክፍል ቀየሩና «ተስተካክሏል» ብለው ጻፉ። ሐረጎ ላይ ደገመው። ጋራዦች ጆብ ካርድ በሚሉት ወረቀት ላይ ከጉዞዎቹ ሁለቱ የተመዘገቡት «መደበኛ ምርመራ» ተብለው ነው። እሱም ሳያነብ ፈርሟል።

እኔ ዘንድ ሲመጣ 14 ወር አልፎታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ገዢው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ሻጩ ካላታለለው በቀር ደግሞ ጉድለቱን ካሳወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። ይህ በቁጥር 2298 ላይ ያለ ነው። ያን ሁሉ ወር «ታገስ፣ እየጠገንንልህ ነው» ያለው ሻጭ አሁን «መጀመሪያ የነገረኝ ከ14 ወር በፊት ስለሆነ ጊዜው አልፎበታል» አለ። ያ ተንታኝ የማይነግራችሁ ይህንን ነው። ጥገናው ቀን አያስቆምላችሁም። እኛ በበኩላችን ጉድለቱ በተደጋገመ ቁጥር አዲስ ማሳወቂያ መሰጠቱን፣ የሻጩም ተስፋ ደንበኛዬን ከመክሰስ እንዳዘገየው ተከራከርን። ጉዳዩ በድርድር አለቀ፤ የተመለሰለት ገንዘብ ግን ሊመለስለት ከሚገባው ያነሰ ነበር።

በተቃራኒው ጽንፍ «አራት ጊዜ ከተበላሸ በሕግ ገንዘብህ ይመለሳል» የሚሉም አሉ። ይህ ከአሜሪካ የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከኮኔቲከት ጀምሮ ግዛቶቹ ያወጡት፣ «የሎሚ ሕግ» የሚባለው ሕግ (አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል) በብዙ ቦታ ለአንድ ጉድለት አራት የጥገና ሙከራ ወይም መኪናው ጋራዥ የቆመበትን 30 ቀን ይቆጥራል። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች ሕግ አንድ ጥገና ካልሠራ ዕቃውን ለመመለስ ይፈቅዳል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጥገና ቁጥር አላስቀመጠም። ዳኛው የሚመዝነው የጉድለቱን ክብደት ነው፤ የጥገናው ብዛት ለዚያ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ብቻውን ውል አያፈርስም።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያለው የ15 ቀን ጉዳይም በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ለሸማቹ የተሻለ ሕግ ወይም ውል ካለ ግን አዋጁ ያንን አይነካም። «15 ቀን ካለፈ አለቀ» የሚላችሁን አትስሙ። ሌላም አለ፤ በአዋጁ ሸማች የሚባለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛ ሰው ነው። ሚኒባስ ለታክሲ ሥራ የገዛ ሰው ሸማች አይደለህም የሚል ክርክር ሊገጥመው ስለሚችል የሚተማመነው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ለደንበኞቼ የምነግራቸው ይህ ነው። መኪናው መጀመሪያ በተበላሸበት ቀን፣ ከስልኩ ሌላ፣ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የሚጻፈው ለሸጠላችሁ ነው፤ ጋራዡ ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል። «መኪናው ችግር አለው» አትበሉ፤ «በዚህ ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ ይህን ሲያነብ፣ ሦስት ሰው ጭኜ ሐረጎን ስወጣ ጉልበት አጣ፣ መብራቱም በራ» በሉ። በቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስጽፉ። ጆብ ካርዱ ላይ የእናንተ ቅሬታ በእናንተ ቃል እስኪጻፍ ድረስ አትፈርሙ፤ ደብዳቤውን የሰጣችሁበትን ቀንም ቤታችሁ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት።