ለአንዱ ጭብጨባ፣ ለሌላው ጩኸት፦ ስለ ቤዝቦል ደጋፊዎች ይቅርታ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ብራይስ ሃርፐር ለዋሽንግተን ናሽናልስ ሰባት የውድድር ዓመት ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2019 የፊላዴልፊያን መለያ ለብሶ ወደዚያው ስታዲየም ሲመለስ፣ ስሙን ሲጠራ የኖረው ሕዝብ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበለው። በኦገስት 2022 ደግሞ ሁዋን ሶቶ ከዚያው ክለብ ወደ ሳን ዲዬጎ በሄደ በአሥረኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እሱን ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ጨዋታውን የለመድኩት ልጄን ተከትዬ ነው። ከለመድኩት ወዲህ ከኳሱ ይልቅ ልቤን የያዘው ይህ ነገር ሆነ፦ ሰው ማንን ይምራል፣ ማንን አይምርም? በየቡና ጠረጴዛው የምሰማቸው ማብራሪያዎች ግን ሲመረመሩ አብዛኞቹ አይቆሙም። ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ፣ ሆም ራን የሚባለው መቺው ኳሷን ከአጥር በላይ ልኮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት ነው። ኳስ ወርዋሪው ፒቸር ይባላል።

«ነገሩ ገንዘብ ነው፤ ለገንዘብ የከዳ ይጠላል»

ሃርፐር ፊላዴልፊያ የሄደው በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሶቶ ግን ዋሽንግተን ያቀረበለትን የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈርምም ብሎ ነበር። ጥላቻው የገንዘብ ቢሆን ኖሮ የባሰው ጩኸት ለሶቶ በተገባ ነበር።

ልዩነቱ ማን በሩን ከፈተ የሚለው ነው። ሃርፐር ራሱ መርጦ ወጣ፣ ያውም በየዓመቱ ደጋግመው ወደሚገጥሙት የአንድ ምድብ ባላንጣ። ሶቶን ግን ክለቡ በሌሎች ወጣት ተጫዋቾች ለወጠው። በዚያ ላይ ሃርፐር በወጣበት በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ ሲያነሡ ገና 21 ዓመት የሞላው ሶቶ አብሯቸው ነበር። ይኸው ሶቶ ለኒው ዮርክ ያንኪስ አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ በ2024 መጨረሻ በ765 ሚሊዮን ዶላር የዚያው ከተማ ባላንጣ ወደሆነው ሜትስ ተሻገረ። በሜይ 2025 ያንኪ ስታዲየም ሲገባ ጩኸቱ ጆሮ የሚበሳ ነበር፤ ጀርባቸውን ያዞሩበትም ነበሩ። እሱ የራስ ቁሩን አውልቆ እጅ ነሣቸው። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ቀርቶብናል የሚለው ወገን ነው።

«ትልቅ ጥፋት ያጠፋ ነው አብዝቶ የሚጠላው»

ለዚህ መልሱ ሮጀር ማሪስ ነው። በ1961 የያንኪሱ ማሪስ ቤብ ሩት በ1927 ያስመዘገበውን የአንድ የውድድር ዓመት የ60 ሆም ራን ክብረ ወሰን ሊሰብር ተቃረበ። አብሮት የሚሮጠው የቡድን ጓደኛው ሚኪ ማንትል ነበር። ማንትል በያንኪስ ያደገ፣ መልከ መልካም፣ ሳቂታ ነበር። ማሪስ ከካንሳስ ሲቲ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ዝምተኛ ነው፤ ጋዜጠኛ አንድ ጥያቄ ሲደጋግምበት ይሰለቸዋል። የገዛ ክለቡ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ክብረ ወሰኑን ለማንትል ተመኙና በማሪስ ላይ ጮኹ። ከጭንቀቱ ብዛት ጸጉሩ ይረግፍ ነበር። ኦክቶበር 1፣ የመጨረሻዋ ጨዋታ ላይ 61ኛውን ሲመታ፣ ከ60 ሺህ በላይ በሚይዘው ስታዲየም የተገኘው 23,154 ሰው ብቻ ነው።

ምን አጠፋ? ምንም። ማንትል ግን በኋላ ራሱ እንደተናገረው ከመጠጥ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል የኖረ ሰው ነው። የሚገርመው፣ ከማሪስ በፊት ማንትልም ይጮኽበት ነበር። የሕዝብ ፍቅር ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ የዞረው ማሪስ ከጎኑ ከቆመ በኋላ ነው። አንዱን ለመውደድ ሌላውን መጥላት ያስፈለገ ይመስላል፣ እኔም እንደዚያ አምናለሁ።

(በ1974 የሩትን የዕድሜ ልክ የ714 ሆም ራን ክብረ ወሰን የሰበረው ሃንክ አሮን ላይ የዘነበው የዛቻ ደብዳቤ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ያ ጥቁር በመሆኑ የመጣበት ዘረኝነት ነው፣ ስሙ በግልጽ መጠራት አለበት።)

አሁን ባርቶሎ ኮሎንን እዩ። በ2012 አበረታች ቅመም ተገኝቶበት 50 ጨዋታ ታገደ። ይህ ወፍራም ፒቸር ከዚያ በኋላ በሜትስ የሕዝብ ወዳጅ ሆነ። በ2016፣ 43 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው የመጀመሪያ ሆም ራኑን ሲመታ አገሩ በደስታ ሰከረ። እገዳውን ያነሣ አልነበረም። ኮሎን የማንንም ክብረ ወሰን አልነካም፣ ማንንም «ንጹሕ ነኝ» ብሎ አላስማለም።

«ካመነና ይቅርታ ከጠየቀ ይማራል»

ይህ ለእኛ ቶሎ የሚጥመን ሐሳብ ነው፤ በሽምግልና ያደገ ሰው «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል ይጠብቃል። በከፊልም እውነት አለው። ነገር ግን ብቻውን አይበቃም።

የያንኪሱ ፒቸር አንዲ ፔቲት በዲሴምበር 2007 ስለ ሊጉ አበረታች ቅመም በወጣው የምርመራ ሰነድ፣ በሚቼል ሪፖርት፣ ስሙ ሲወጣ በቀናት ውስጥ የእድገት ሆርሞን መውሰዱን አመነ፤ የተጎዳ ክንዴን ለማዳን ብዬ በ2002 ነው አለ። ኑዛዜው ሙሉ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በምስክርነት ሲጠየቅ በ2004ም መውሰዱን ጨመረ። ይህችን ሁለተኛዋን ዛሬ የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። ያንኪስ በ2015 የ46 ቁጥር መለያውን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው አድርጎ አከበረው።

የክለብ ጓደኛው አሌክስ ሮድሪገዝም በ2009 አምኗል፣ ከ2001 እስከ 2003 ወስጃለሁ ብሎ። ያን ዓመት ያንኪስ ዋንጫ ሲያነሣ ተጨበጨበለት። በ2013 እንደገና ተያዘ፤ ካደ፣ ሊጉን ከሰሰ፣ የተጫዋቾች ማኅበሩንም ከሰሰ፣ መጨረሻ 2014ን ሙሉ ታገደ። ከእገዳ ሲመለስ በእጁ የጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ ብዙ ሰው አላሳመነም። ያለዘበለት ያ የ2015 ዓመት ነው፤ በ40 ዓመቱ 33 ሆም ራን መታ፣ አንገቱንም ደፍቶ ተጫወተ።

ስለ ሚልዋኪው ራያን ብራውን ግን ልቤ አሁንም አይለቅም። የ2011 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ነበር። ምርመራው ቅመም ሲያሳይበት ይግባኝ ብሎ በናሙናው አጠባበቅ ሰበብ ነጻ ወጣ። ነጻ መውጣቱ አልበቃው ብሎ በአደባባይ ናሙናውን የሰበሰበውን ሠራተኛ እንዲጠረጠር አደረገ። በ2013 እውነቱ ሲወጣ 65 ጨዋታ ታገደ፣ ሰውየውንም ይቅርታ ጠየቀ። ሥራውን በሚገባ የሠራ ተራ ሰው በአንድ ኮከብ ቃል ስሙ አገር ለአገር ዞሯል። ለእኔ ከመርፌው የከፋው ይህ ነው። በ2014 መክፈቻ ጨዋታ ግን ሚልዋኪ ብድግ ብሎ ተቀበለው። ከስምንት ቀን በኋላ ፊላዴልፊያ ሲሄድ ጮኹበት፣ እሱም ሦስት ሆም ራን መታባቸው። አንድ ኑዛዜ በሁለት ከተማ ሁለት መልስ አገኘ፤ አንደኛው ከተማ የእሱን መለያ የሚለብስ ስለሆነ ነው።

«ቦንድስን ያስጠላው አበረታች ቅመም ብቻ ነው»

የሳን ፍራንሲስኮው ባሪ ቦንድስ በ2001 ብቻ 73 ሆም ራን መታ፤ በጠቅላላው 762፣ ይህም እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ነው። ኦርቲዝ፣ የቦስተኑ ዴቪድ ኦርቲዝ፣ በ2003 ስም ሳይገለጽ ይካሄዳል ተብሎ በተደረገ ምርመራ ቅመም እንደተገኘበት በ2009 ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2016 የሊጉ ኮሚሽነር የዚያ ምርመራ ውጤት አጠያያቂ ሊሆን ይችላል አሉ፤ ኦርቲዝም ተቀጥቶ አያውቅም። ቦንድስም ቢሆን በሊጉ በቅመም ታግዶ አያውቅም።

በጃንዋሪ 2022 ሁለቱም የጨዋታው ታላላቆች ለሚከበሩበት ለዝነኞች አዳራሽ አንድ የምርጫ ወረቀት ላይ ቀረቡ። 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ኦርቲዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ 77.9 በመቶ አገኘ፤ ቦንድስ ለአሥረኛና ለመጨረሻ ጊዜ ቀርቦ 66 በመቶ ላይ ቀረ። የማስረጃው ክብደት እኩል አይደለም፣ በቦንድስ ላይ የወጣው እጅግ ይበዛል። ነገር ግን ማስረጃው ብቻ ይህን አያስረዳም። ኦርቲዝ በ2004 ቦስተንን ከ86 ዓመት የዋንጫ ጥበቃ ካወጡት አንዱ ነው። በ2013 ከቦስተን ማራቶን የቦምብ ፍንዳታ በኋላ ማይክ ይዞ ከተማዋ የኛ ናት ብሎ የተናገረው እሱ ነው። ቦንድስ ሰው አይቀርብም፤ ጋዜጠኛን ያባርር ነበር። ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ደጋፊዎች አይደሉም፣ ጋዜጠኞች ናቸው። ብዙ ሰው የአዳራሹን ድምፅ የሕዝብ ፍርድ አድርጎ ይወስዳል፤ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ እንኳን ሊጮህበት፣ በ2007 የአሮንን ክብረ ወሰን ሲያልፍ አብሮት ፈነጠዘ፤ በ2018ም መለያ ቁጥሩን አከበረለት።

«ደጋፊ ጥፋተኛውን ለይቶ ነው የሚጮኸው»

የሂዩስተን አስትሮስ ተጫዋቾች በ2017 የባላንጣቸው ፒቸር ምን እንደሚወረውር የሚነገርበትን ምልክት በካሜራ እየሰለሉ፣ የቆሻሻ በርሜል እየመቱ ለመቺው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚመጣ ይነግሩት ነበር። በጃንዋሪ 2020 ክለቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ አሠልጣኙና ዋና ሥራ አስኪያጁ ታግደው ተባረሩ። ለምስክርነታቸው ሲባል ከተጫዋቾቹ አንድም አልተቀጣም። ያን ጊዜ ሕዝቡ ቅጣቱን በራሱ ጉሮሮ ሊሰጥ ተነሣ። የመረጠው ሆሴ አልቱቬን ነው፤ የ2017 ምርጥ ተጫዋች፣ የክለቡ ፊት። አንድ የሂዩስተን ደጋፊ ግን ቪዲዮዎቹን ቁጭ ብሎ ሲቆጥር በአልቱቬ ተራ የበርሜሉ ድምፅ የተሰማው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። በብዛት ከተሰማላቸው አንዱ ማርዊን ጎንዛሌስ ነበር፤ በእሱ ላይ የጮኸ ሰው ምን ያህል ነው?

«ጊዜ ሁሉን ይሽራል»

ለሲንሲናቲው ኮከብ ለፒት ሮዝ አልሻረለትም። በቤዝቦል ጨዋታ ላይ በመቆመሩ በ1989 ታገደ፣ እስከ 2004 ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ካደ፣ እገዳው የተነሣው በሜይ 2025 ነው፤ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል።

የቦስተኑ ቢል በክነር ደግሞ ምንም ሳያታልል 22 ዓመት ጠበቀ። በ1986 የፍጻሜ ውድድር ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ኳስ በእግሮቹ መካከል አለፈችና ቦስተን ተሸነፈ። ያኔ ነጥቡ ቀድሞ እኩል ሆኖ ነበር፤ ሰባተኛ ጨዋታም ነበር፣ እሱንም ተሸነፉ። ቁርጭምጭሚቱ የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ያቆየው አሠልጣኙ ነው። ይህን ሁሉ የቦስተን ሰው ያውቅ ነበር፤ ግን ለዚያ ሁሉ ዓመት ሐዘን አንድ ስም አስፈልጎት ነበር። ስሙ ያላስፈለገው በ2004 እና በ2007 ዋንጫ ካነሣ በኋላ ነው። ኤፕሪል 8 ቀን 2008 በክነር ከግራ ሜዳው ግድግዳ በኩል ብቻውን እየተራመደ ወጣ። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ፣ ጭብጨባው አላቆም አለ። ዓይኑን ጠረገና የጨዋታውን የክብር መክፈቻ ኳስ ለቀድሞ የቡድን ጓደኛው ለድዋይት ኢቫንስ ወረወረለት።