«ፍሪ ካደረግኩት አለቀ» እና ሌሎች የማሎክ ወሬዎች

አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ማኪያቶ ቤት አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ኮዳቸውን አያለሁ። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ሜሞሪ ላይ ያርፋል፦ በማሎክ ቦታ መጠየቅ፣ በፍሪ መመለስ። ሁሌ የምሰማቸውን እነሆ።

«ጋሼ፣ ሰርቷል እኮ! ሰርቷል ማለት ልክ ነው።»

ይሄኛው ዋናው ነው። ባለፈው አንዲት ልጅ «አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ ልታስቀምጥ ፊደል ቆጠረች። 6 ፊደል፣ 1 ክፍተት፣ መጨረሻ ላይ ለሚገባው ዜሮ 1። ማሎክን 8 ባይት ጠየቀችው፣ ጽሑፉን ቀዳች፣ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ችግሩ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍ ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ) አንዱ ብቻውን 3 ባይት መብላቱ ነው። የሚያስፈልጋት 20 ባይት ነበር። ታዲያ ለምን ሰራ? በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ጂሊብሲ (ማሎክ ያለበት የሲ ላይብረሪ) 8 ሲጠየቅ የሚሰጠው 24 ነዋ! ዕድል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«አዲስ አበባ አራት ኪሎ» አስገቢ አልኳት። በሷ ቆጠራ 15፣ በእውነቱ 37 ባይት። ፕሮግራሙ ወደቀ። የወደቀው ደግሞ ጽሑፉ የተቀዳበት መስመር ላይ ሳይሆን፣ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ፕሪንትኤፍ (ስክሪን ላይ የሚጽፈው ትዕዛዝ) ላይ ነው። ፕሪንትኤፍ ለራሱ ማሎክ ሲጠራ ነው የተበላሸው ነገር የተገኘው። ምስኪን ፕሪንትኤፍ! ልጅቷ ግማሽ ሰዓት እሱን ስትመረምር ቆየች።

መፍትሄው ቀላል ነው። የጽሑፍ ርዝመት የሚለካው ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም፤ እሱ ላይ 1 ደምሮ መጠየቅ። ኮዱንም በጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለር) ስታጠናቅሩ አድረስ ሳኒታይዘር የተባለውን የሜሞሪ ስህተት አዳኝ ከ-g ጋር ካበራችሁ፣ ፕሮግራሙ ሲሄድ ጥፋተኛውን መስመር በቁጥሩ ይነግራችኋል።

«ፍሪ ካደረግኩት ዳታው ይጠፋል።»

ፍሪ «ይህን ቦታ ጨርሻለሁ፣ ለሌላ ስጡት» ማለት ብቻ ነው። ቤት ለቀህ የቁልፉን ግልባጭ ኪስህ ውስጥ እንደማስቀረት አስበው። ነገ ብትሄድ ቁልፉ ይከፍታል። ምናልባት የተውከው አልጋ እዚያው ነው፤ ምናልባት ደግሞ አዲስ ተከራይ ተኝቶበታል። የቦታውን አድራሻ የሚይዘው ፖይንተርም አድራሻውን እንደያዘ ይቀራል እንጂ ራሱን ነል (የትም የማያመለክት ባዶ) አያደርግም። አንተ ነል አድርገው። ነልን ፍሪ ማድረግ ምንም ስለማያመጣ አንዱን ቦታ ሁለቴ ፍሪ የማድረግ አደጋም ይቀርልሃል። አድራሻውን ሌላ ፖይንተር ውስጥ ከቀዳኸው ግን ያ ሁለተኛው ቁልፍ አሁንም ኪስህ ውስጥ ነው።

«ማሎክ ዜሮ ሞልቶ ይሰጣል።» አይሰጥም፤ ያ የካሎክ ሥራ ነው። «ሳይዝኦፍ የጠየቅኩትን መጠን ይነግረኛል።» ፖይንተር ከሰጠኸው የፖይንተሩን መጠን ነው የሚነግርህ፤ በ64 ቢት ማሽን 8።

«ሪአሎክ ያው ቦታውን ያሰፋዋል።»

ሲመቸው ነው። ካልተመቸው ሌላ ቦታ ፈልጎ፣ ዳታውን ቀድቶ፣ አሮጌውን ይለቃል። ካቃተው ደግሞ ነል ይመልሳል፤ አሮጌው ቦታ ግን አሁንም ያንተ ነው። ውጤቱን በቀጥታ በዚያው ፖይንተር ከተቀበልክ አድራሻውን በገዛ እጅህ አጠፋኸው። መጀመሪያ በሌላ ፖይንተር ተቀበል፣ ነል አለመሆኑን እይ፣ ከዚያ ተካ።

«ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሁሉም ይመለስ የለ? ፍሪ ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ሊኑክስም ዊንዶውስም ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሜሞሪውን ይረከባሉ። ሁለት ሰከንድ ሰርቶ ለሚዘጋ ነገር አልጨቃጨቅም። ሳይዘጋ ለሚውል ለሚያድር ሰርቨር ግን በአንድ ጥያቄ 1 ኪሎባይት ቢያፈስ፣ ሚሊዮን ጥያቄ ላይ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቦታ እንዲህ የሚያፈስ ሲስተም ነበር። መፍትሄውም ተገኝቶለት ነበር፦ ጥበቃው ጠዋት በር ሲከፍቱ መጀመሪያ ሰርቨሩን አጥፍተው ያበሩት ነበር።