የኢንተርኔት ጥሪ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው የእናቴ ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ቡናው ገና ቶና ላይ ቢሆንም ጨዋታው ይቆማል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለምሳ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ እዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ 6 ሰዓት ይሆናል። ጥሪው የቪዲዮ ቢሆንም እናቴ ስልኩን እንደ ድሮው ጆሮዋ ላይ ስለምትለጥፈው፣ ልጇ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚያየው ጉትቻዋን ብቻ ነው። «እማዬ፣ ከፊትሽ ራቅ አድርጊው እንጂ» ይላታል፤ እሷ ግን «ታዲያ በምን ልስማህ?» ትለዋለች።

ብዙዎቻችን በዋትስአፕ፣ በኢሞ፣ በቴሌግራም ወይም በቫይበር የሚደረገውን ይህን ጥሪ «ነፃ ስልክ» አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ነፃም አይደለም፣ በአሠራሩም ስልክ አይደለም። የኢንተርኔት ጥሪ ማለት የተናጋሪው ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ቁጥሩም በጣም ትንንሽ በሆኑ እሽጎች ተከፋፍሎ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ በሚሄዱበት በዚያው የኢንተርኔት መንገድ ተልኮ፣ በአድማጩ ስልክ ላይ እንደገና ተገጣጥሞ ድምፅ ሲሆን ነው። ባለሙያዎች ቪኦአይፒ ይሉታል።

በቀድሞው የስልክ አሠራር ሁለት ሰዎች ሲገናኙ በመካከላቸው መስመር ይያዝላቸዋል፤ ቢያወሩም ዝም ቢሉም መስመሩ የእነርሱ ነው። ጥሪው ድንበር ከተሻገረ ደግሞ የደዋዩ አገር ቴሌ ለተቀባዩ አገር ቴሌ በየደቂቃው ይከፍላል፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ካርድ እየፋቁ፣ ደቂቃ እየቆጠሩ ይደውሉልን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት ግን ለማንም መስመር አይዝም። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት የሚጭኑትን ታንኳዎች ማሰብ ይቻላል፤ ጭነቱ በአንድ ትልቅ ጀልባ ሳይሆን በብዙ ታንኳ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ሁሉም ባንድ ውኃ ላይ ከሌላው ጋር እየተጋፋ ይቀዝፋል፤ ኋላ የተነሣው ቀድሞ ሊደርስ፣ አንዱም ከነጭነቱ ሊቀር ይችላል።

ስልኩ ድምፃችንን በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየቆረጠ ያሽጋል፤ ይህም በሰከንድ 50 እሽግ ማለት ነው። የጥንቱ ዲጂታል ስልክ ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ 64,000 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የሆነ ምልክት) ያወጣበት ነበር፤ ዛሬ በ2012 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ኦፐስን የመሰለ የድምፅ ማመቂያ ከዚያ እጅግ ባነሰ ቢት ንግግሩን ያስተላልፋል። የሚያስገርመኝ ግን ፖስታው ነው። ድምፁ ወደ 16,000 ቢት በሰከንድ ቢታመቅ በአንዱ እሽግ ውስጥ ያለው ድምፅ 40 ባይት (አንዱ ባይት 8 ቢት ነው) ብቻ ሲሆን፣ ከላዩ የሚጻፈው አድራሻና ተራ ቁጥርም በተለመደው አሠራር 40 ባይት ነው፤ ፖስታው ከደብዳቤው እኩል ይመዝናል። ሁለቱንም ወገን ስንደምር በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት፣ በሰዓት ደግሞ 30 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ምስል ሲጨመር ፍጆታው ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚያድግ፣ የእናቴን ጉትቻ ማሳያው ዳታ ከወሬው ሁሉ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ዋጋው ቀረ ሳይሆን ከደቂቃ ወደ ዳታ ጥቅል ዞረ ማለቱ ይቀላል።

ዋናው ነገር ግን እሽጉ ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ፎቶግራፍ ስንልክ የጎደለ እሽግ ካለ ተቀባዩ ስልክ «ድገምልኝ» ይላል፤ ላኪውም ይደግማል፤ ቢዘገይም ምስሉ ሙሉ ሆኖ ይገባል። በጥሪ ጊዜ ግን ተደግሞ የሚመጣው ድምፅ የሚደርሰው ወሬው ካለፈ በኋላ ነውና አብዛኛውን ጊዜ አይጠበቅም። ተቀባዩ ስልክ እሽጎቹን ለቅጽበት ያህል ሰብስቦ በተራ ያሰልፋቸዋል፤ በሰዓቱ ያልደረሰውን ይተወውና ክፍተቱን ከፊተኛው ድምፅ በተወሰደ ግምት ይሸፍናል። አንድ ሁለት እሽግ ቢጎድል ጆሮ አያውቀውም። ብዙ ሲጎድል ግን ያ የምናውቀው እንደ ብረት የሚንጫጫ ድምፅ ይመጣል፤ «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ተቆራረጥክ!» ይከተላል። ባጭሩ ጥሪው ከሚዘገይ ቢጎድል ይሻላል ብሎ የተሠራ ነው።

ይህ ምርጫ በአማርኛ ላይ ጠንከር ይላል ባይ ነኝ። እኛ ሐሳባችንን የምንቋጨው በግሥ ነው፤ አፍራሹም «አል» ከዚያው ከግሡ ጋር ተጣብቆ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ባለፈው ዓመት እናቴ «ሰሞኑን አልታመምኩም» ስትል «አል» የምትለዋ ከሩብ ሰከንድ ያነሰች ቁራጭ መንገድ ላይ ቀረች፤ ወንድሜ የሰማው «ታመምኩም» የሚል ነው። ኔትወርኩም ወዲያው ስለተቋረጠ ሌሊቱን ሙሉ ለእኔ ሲደውል አደረ። ከዚያ ወዲህ ጤንነቷን የምትናገረው ሁለት ጊዜ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ደህና!»

መዘግየቱም ቢሆን ፈጽሞ አይቀርም። ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን በአየር እንኳ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ደግሞ መረጃው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ውስጥ ገመድ የሚያገኘው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም፣ ርቀቱና በየመገናኛው ያለው ወረፋ ሲደመር ጊዜው ይታወቃል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር አንድ አቅጣጫ የሚፈጀው ጊዜ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ መልካም ነው፣ 400 ካለፈ ግን ለንግግር አይመችም የሚል ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ጀምረው፣ እኩል ዝም ብለው፣ «እሺ አንተ ቀጥል»፣ «የለም አንቺ ቀጥይ» የሚባባሉት በጨዋነት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ ከሚደረገው ጥሪ የሚለይ ሌላ ዓይነትም አለ፤ ይኸውም በኢንተርኔት ተጉዞ መጨረሻው ተራ የስልክ ቁጥር የሆነ ጥሪ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የተዘጋው ስካይፕ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር። ከውጭ ተደውሎልን በአገር ውስጥ የሞባይል ቁጥር የሚታየን ጥሪ ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት ገብቶ፣ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት መሣሪያ በኩል እንደ አገር ውስጥ ጥሪ የተላለፈ ነው፤ ይህም ሕገወጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት መስጠትን ሲከለክል «ስካይፕ መጠቀም ሊያስቀጣ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ መንግሥትም ክልከላው ተራውን ተጠቃሚ እንደማይመለከት ያን ጊዜ ገልጿል።

መስመር የማይያዝለት ጥሪ የሚኖረው ኢንተርኔቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ወንድሜ ወደ ደቂቃ ቆጠራው ተመልሶ ነበር፤ የምሽት 2 ሰዓቱ ጨዋታ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ሌላ ጊዜ እደውላለሁ» ሆነ።

ዘጌ የምትኖረው አክስታችን ጋ ኔትወርኩ ለጥሪ የሚበቃው አልፎ አልፎ ስለሆነ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ይህ የጥሪው ተቃራኒ ነው፤ ድምፁ ተቀድቶ እንደ ፎቶግራፍ ስለሚላክ የጎደለው እየተደገመ ይሞላል እንጂ አይተውም። ሰኞ ጠዋት የተናገረችው ማክሰኞ ማታ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን ሳሏም፣ ከኋላዋ የሚጮኸው አውራ ዶሮም፣ «አልታመምኩም» ስትል «አል» የምትለዋም ሳትቀር ነው።